በፍል ውሃ ያልተፈታው መክተፊያ

ለልጄ ለለሊሴ በዳዳ፣ ድሬዳዋ

ልጄ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ባልሽ ቅዱስ፣ ትንሿ ሰርክ እንዴት ናቸው? ያገሩ ሙቀት በረደላችሁ ወይ? እኔ ጌታ ይመስገን፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ፊደሌ ጠማማ ነው፤ ጸሐፊ ግን አልለምንም፣ ታግሰሽ አንብቢው።

ከሲግናል ሰፈሩ አናጢ ከጎበና ጋር ታረቅ ላልሽኝ መልሴ ይኸው። እናትሽ በሞተች በዓመቷ፣ የእሷን ስም የጻፍኩበትን መክተፊያ ለዕድርተኛ ሠርግ አዋስኩ። ሳንቃዎቹን ያጣበቅሁት ለወንበር በለመድኩት፣ በፍል ውሃ በማሟሟው የቆዳ ሙጫ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ሴቶቹ ስቡን ሊያስለቅቁ ፍል ውሃ ቢደፉበት ሦስት ቦታ ተለያየ። ጎበና ይሄን አይቶ «አሳየች ስትሞት የጋሽ በዳዳን እጅ ይዛው ሄዳለች» አለ። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። የእናትሽን ስም መሳቂያ አደረገው።

ክረምቱን ሙሉ ሙጫ ስሞክር ከረምኩ። ከሾላ ገበያ ሦስት ዓይነት ኮላ ገዝቼ፣ ቁርጥራጭ እንጨት አጣብቄ በባልዲ ነከርኩ፤ ቀጥዬ ቀቀልኩት። ጎረቤት «ሽማግሌው የእንጨት ወጥ ጀመረ» ብሎ አማኝ። አንዱ ኮላ ብቻ ጸና። ከዚያ ለአዲስ መክተፊያ የደረቀ ዋንዛ በመላጊያ አስተካክዬ፣ ያለ አንድ ሚስማር ወንዴና ሴቴ በዚያው ኮላ አጋጥሜ፣ በገመድና በሽብልቅ ጠፍሬ አደረቅሁት። ስሟንም በጋለ ብረት ጻፍኩበት።

ባለፈው ቅዳሜ ጎበና ልጁን ዳረ። የእሱ መክተፊያ የተያያዘው በሚስማር ነው። ቢላው ሚስማሩን አገኘና ተሸረፈ፤ ስባሪው ሥጋው ውስጥ ገባ። ሴቶቹ «ጋሼ፣ የእትዬ አሳየችን መክተፊያ ይስጡን» ብለው ላኩብኝ። «ጎበና ራሱ ይምጣ» አልኩ። በአዲስ ኮቱ ዳገቱን እያለከለከ መጣ። ትከሻው ላይ ጫንኩለትና «ስትጨርሱ በፍል ውሃ እጠቡት» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ሲመልሰው አገላብጬ አየሁት፤ መርፌ የሚያስገባ ስንጥቅ የለውም። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ። «የተሰደበችው እሷ ናት፤ እሷን ለምናት» ብዬ በሩን ዘጋሁት። መክተፊያውን ስሟን ወደ መንገድ አዙሬ ደጄ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጎበና ለዕድር ስብሰባ በመጣ ቁጥር በስሟ ፊት ያልፋል። እርቅ የምትዪው ይሄ ከሆነ፣ ታርቀናል።

ቅዱስን ሰላም በይልኝ፣ ለእናቱም እጅ ነስቻለሁ በያት። ሰርክን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አያቷ ለእናቷም መክተፊያ እየሠራ ነው በያት፣ ያለ ሚስማር።

አባትሽ በዳዳ
የካ፣ ከእንጦጦ ሥር
ግንቦት 3 ቀን 1996 ዓ.ም.