አንገት ሳያንቁ ጊታር መያዝን ያስተማሩት የአቶ ጓዴ እሸቱ የሕይወት ታሪክ

ለሐዘናችን የተሰበሰባችሁ ወገኖች ሆይ፣ ከዚህ በታች የሚነበበው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ እውነት መሆኑን እኔ የእህታቸው ልጅ አንተነህ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም እምላለሁ። የጨመርኩት የለም፤ እንዲያውም ሰው አያምነኝም ብዬ የቀነስኩት ይበዛል። የሚጠራጠር ካለ ሕያው ምስክር አለኝ፤ ባለቤታቸው እትዬ የትናየት ሁሉንም በዓይናቸው አይተዋል።

አቶ ጓዴ ከአባታቸው ከአቶ እሸቱ ሰውነትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታንጉ ማሞ ኅዳር 12 ቀን 1945 ዓ.ም. በስማዳ ተወለዱ። አባታቸው ስማቸው እስከ ጋይንት የተሰማ ወጌሻ ነበሩ፤ የወለቀ ትከሻ እሳቸው ደጅ ሲደርስ በፍርሃት ራሱ ቦታው ይገባ ነበር። ጋሽ ጓዴም በሰባት ዓመታቸው የበግ እግር፣ በዘጠኝ ዓመታቸው የዲያቆን ክርን መመለሳቸው ይነገራል።

ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በእስቴ መካነ ኢየሱስ ተከታትለው፣ በ1964 ዓ.ም. የጤና ረዳትነት ሥልጠና ገቡ። እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሰው እጅ ሥዕል ባዩ ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። እጅ ሃያ ሰባት አጥንት እንዳለው ሌላው ሠልጣኝ በወር ሲሸመድድ፣ እሳቸው በአንድ ጀንበር ሃያ ሰባቱን ጨርሰው ሃያ ስምንተኛውን ይፈልጉ ነበር። ከ1966 እስከ 2000 ዓ.ም. በጤና ረዳትነት ሲያገለግሉም መርፌያቸው የማያም፣ እጃቸው የማይከብድ ተብለው ተመስግነዋል።

ጊታር ወደ ሕይወታቸው የገባው በ1971 ዓ.ም. ነው። ለሚሠሩበት ከተማ የኪነት ቡድን አንድ ጊታር መጥቶ፣ የሚችለው ሰው ሲዛወር ዕቃ ቤት ውስጥ ቀረ። ጋሽ ጓዴ ጠይቀው ወሰዱት። አብሮት የእጅ ሥዕል የሞላበት የባዕድ አገር መማሪያ መጽሐፍ ነበር። ጽሑፉን ማንበብ ባይችሉም ሥዕሉን ግን እንደ ሐኪም አነበቡት፤ በስድስት ወር ውስጥም መጽሐፉን የጻፈውን ሰው ሊያስተምሩ የሚችሉ ሆኑ።

በ1973 ዓ.ም. ወይዘሮ የትናየትን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ራሄልንና ሁለት ወንድሞቿን ወለዱ።

የተማሪዎቻቸውን ብዛት ሁለት ሺህ ብዬ የምጽፈው ለትሕትና ነው። ትምህርታቸው የሚጀምረው ከክር ሳይሆን ከወገብ ነበር። ተማሪው ወንበር ጫፍ ላይ ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ግራ እግሩን ትንሽ ዱካ ላይ ያሳርፋል። ትከሻውን ወደ ጆሮው የሰቀለ ካለ "ምነው፣ በረደህ?" ይሉታል። ቀጥሎ አንዱን ክንዱን በሌላው እጁ አስይዘው ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ ያዙታል።

"ማን ነው የሚሠራው?"

"ጣቴ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ውሸታም! ታዲያ ክንድህ ውስጥ የሚርመሰመሰው ምንድን ነው? ጣት ሎሌ ነው፤ ጌታው እላይ ክንድ ውስጥ ተቀምጦ በጅማት ይጎትተዋል።"

የቀለበት ጣቷ ብቻዋን አልነሳ ያለቻትን ተማሪም ያጽናኑ ነበር። ከመሃል ጣት ጋር በጅማት የተሳሰረች ናትና "ቀለበት ያሰሩባት ወደው መሰለሽ? ጎረቤት ሳትጠራ የትም አትሄድም" ይሏታል።

ጊታር የሚጫወት ሰው የግራ ጥፍሩን ከሥሩ ይቆርጣል፣ የቀኙን ያሳድጋል፤ ግራው ክሩን በሥጋ ይጫናል፣ ቀኙ በጥፍር ይመታል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ መስቀል ሊያሳልሟቸው ሲሉ እጃቸውን አዩ።

"ጓዴ፣ ግራህ ክርስቲያን ነው፤ ይህ ቀኝህ ግን ጭልፊት ነው እንዴ?"

"አባቴ፣ ግራው ይጾማል፣ ቀኙ ይሠራል።"

መምሬ ሳቃቸውን በመስቀሉ ሸፈኑ። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም ጥፍራቸውን አሳድገዋል የሚል ወሬ አለ፤ እኔ አልጨመርኩትም።

አሁን ወደ ትልቁ ታሪክ እንምጣ። ራሄል የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች "የመልስሽ ቀን የምጫወትልሽ እኔ ነኝ" ብለው ቃል ገብተውላት ነበር። ሠርጓ ለሚያዝያ 10 ቀን 2002 ዓ.ም. ተቆርጦ፣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የግራ አውራ ጣታቸው ከነጅማቱ ታመመ። ብርጭቆ ማንሳት አቃታቸው። የሰውን ሁሉ እጅ ያቀኑ ሰው ለልጃቸው የገቡትን ቃል ሊያጥፉ ሆነ፤ ለራሄል ግን ትንፍሽ አላሉም።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ፣ ቀድሞ ትከሻውን ያከሙት ጎረቤታቸው ደሳለኝ የገብስ መሬቱን ሲያርስ አገኙት። "እስቲ ልያዝልህ" ብለው እርፉን በሁለት እጃቸው ጨመደዱት። ማረሻው አንዴ ሲዘል አንዴ ሲቀበር፣ እሳቸው በሕመም ሲያቃስቱ ደሳለኝ ሳቀ።

"ኧረ ጋሼ፣ እርፉን አይነቁት! ዶሮ ነው እንዴ የሚያመልጥዎ? ክንድዎን ጣል ያድርጉበት። ክንድ በራሱ ይከብዳል፤ ይበቃዋል።"

ክንዳቸውን ጣል ሲያደርጉበት ማረሻው ቀጥ ብሎ ገባ። ጋሽ ጓዴ ትልሙ መሃል ቆሙ። የጊታሩን አንገት በአውራ ጣትና በጣቶቻቸው መሃል እንደ መቆንጠጫ ሲጨምቁ መኖራቸው ያን ጊዜ ገባቸው። ክንዱ ከትከሻው እንዲንጠለጠል ቢተውት ጣቶቹ በክንዱ ክብደት ብቻ ክሩን ይጫናሉ፤ አውራ ጣት ከኋላ ነካ ማድረግ ይበቃዋል።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳንቅ ኖርኩ!" ብለው ሲጮኹ በሬዎቹ ደነገጡ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ ሰው ሲጮህ ይቆማል።

ቤታቸው ገብተው አውራ ጣታቸውን ጨርሰው ከአንገቱ አንስተው፣ በክንድ ክብደት ብቻ መጫወት ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን አውራ ጣታቸው ከልጅነቱ የበለጠ ጤነኛ ሆነ። በመልሱ ዕለትም ያለ ዕረፍት ስድስት ሰዓት ተጫወቱ። እንግዳው ሦስት ሺህ ነበር። የሌላ ሠርግ ሚዜዎች ሙሽራቸውን ጥለው መጡ፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ ሞተሩን አጥፍቶ ከነተሳፋሪው አዳመጠ። ይህን እኔ ራሴ ፊት ለፊት ተቀምጬ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ "ክንድህን ጣል አድርገው" የሚለው ቃል ከአፋቸው አልጠፋም። ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ በቆዩበት ጊዜ እንኳ፣ ደም ልትቀዳ የመጣችውን ነርስ "ልጄ፣ ትከሻሽን አውርጂ፤ መርፌው አያመልጥሽም" ብለዋታል። በተወለዱ በ72 ዓመታቸው የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። አቶ ጓዴ ባለትዳርና የአንዲት ሴትና የሁለት ወንዶች ልጆች አባት ሲሆኑ፣ ልጆቻቸው ራሄል፣ ክንዱና አስቻለው አምስት የልጅ ልጆች አሳይተዋቸዋል።

የደከመ እጅን የሚያሳርፍ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ የቀረነውንም ትከሻችንን ያቅልልልን። አሜን።

ጽሑፉን ወደ ማተሚያ ከመውሰዴ በፊት ለእትዬ የትናየት አነበብኩላቸው። ምስክሬ ናቸው ብያለሁና፣ ቀስ ብለው የተናገሩትን እንዳለ አስፍሬዋለሁ።

"አንተነህ፣ አንተ እኮ ያን ቀን አልነበርክም። መኪና ተበላሸብኝ ብለህ ንፋስ መውጫ አድረሃል። እንግዳው ስድሳ አይሞላም። አውቶቡስ የሚባልም አልቆመም። ተማሪዎቹም አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉንም አብልቻለሁ።"

"እሺ፣ እትዬ፤ ግን ጋሼ መጫወታቸው..."

"አልተጫወተም። ጣቱ አልዳነም፤ ከዚያ ወዲያም አንድ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ደሳለኝ የነገረውን ይዞ መጥቶ ራሄልን ነው ያስተማራት፤ እሷም እንደ አባቷ አናቂ ነበረች። በመልሷ ቀን የተጫወተችው እሷ ናት፣ ካባዋን እንደለበሰች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ክርኗን በሁለት ጣቱ ደግፎላት ነበር። መሃል ላይ ለቀቃት። እሷ አላወቀችም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።"

"ላጥፋው እንግዲህ?"

"ተወው፣ ደክመህበታል። እሱ ቢሰማህ ግን 'አንተነህ፣ አንቀኸዋል፤ ጣል አድርገው' ይልህ ነበር።"