ግብሩ የቤቱ ነው

እኔ የዚህ ላውንደሪ ባለቤት፣ ሰው ሁሉ «እትዬ» እያለ የሚጠራኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ የካቲት አሥራ አንድ ቀን ከቀትር በፊት፣ ከሱቁ በላይ ባለው መኝታ ክፍሌ ትራስ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በምስክሮች ፊት ተናግሬ አስጽፌአለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው። ልቤ ደክሟል፤ እግሬም ደረጃ መውረድ ትቷል፤ ማን ምን እንዳደረገኝ የማስታውስበት ቦታ ግን አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። አንደኛው ምስክር የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ የምወስደው ኪኒን ሰውን እንደማያፈዝ መስክሯል። ከአልጋዬ ግርጌ ሆኖ ጣራ ጣራ የሚያየው ሰው ግን «ትንሽ ሳትዘባርቅ አትቀርም» ብሎ ለወንድ ልጄ ሲያንሾካሹክ ሰምቻለሁ። ጆሮዬም ደህና መሆኑ በዚህ ይመዝገብልኝ።

ያ ሰው የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። ሰፈሩ «አቶ ነገ» ይለዋል፤ ስለ ምንም ነገር ቢጠየቅ መልሱ «ነገ» ስለሆነ ነው። በዚህ ኑዛዜም በዚሁ ስም ይጠራ። ሌላ ስሙን ለመጻፍ ቀለም ማባከን አልፈልግም።

ጸሐፊው ከመጀመራችን በፊት እንደ ሥራው ደንብ ሁለት ነገር አስታወቀ። አንደኛ፣ ወራሽ ንብረቱን ብቻ ሳይሆን በንብረቱ ላይ ያለውንም ዕዳ ይወርሳል። ሁለተኛ፣ ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው ከኑዛዜው ምንም ነገር ሊያገኝ አይችልም። ከዚያም «ወራሾች በመስኮቱ በኩል፣ ምስክሮች በበሩ በኩል ይቀመጡ» አለ። ሁለቱ ልጆቼ በመስኮቱ በኩል ሆኑ፤ አቶ ነገም ከእነሱ ጎን ተደላድሎ ተቀምጦ ነበር። ዕዳ የሚለው ቃል ጆሮው ሲገባ ግን ዓይኑ ጠረጴዛዬ ላይ ወዳለው የግብር ቢሮ ፖስታ ሄደ። ፖስታውን አየ፤ እኔን አየ፤ ወንበሩን አንሥቶ ወደ በሩ ተሻገረ።

«እኔ ምስክር ነኝ» አለ። «ከእትዬ ምንም አልፈልግም። ለወንድሜ ነፍስ ስል ነው የመጣሁት።»

«አስበውበታል? ከፈረሙ በኋላ መመለስ የለም» አለው ጸሐፊው።

«ጻፈኝ አልኩህ። ፊርማ ከሆነ አሁኑኑ እፈርምልሃለሁ።»

ጸሐፊውም በምስክሮች መዝገብ ላይ አስፈረመው። እኔም አልከለከልኩትም። ለምን እንዳልከለከልኩት ቦታው ላይ ስንደርስ እናገራለሁ።

ስለ ቀብሬ። ብዙ ወጪ አይውጣ። የምከፈንበትን ራሴ አጥቤ፣ ራሴ ተኩሼ፣ ቁም ሳጥኑ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። ንጹሕ ነውና ማንም እንደገና ልጠበው አይበል። አቶ ነገ በቀብሬ ላይ ስለ ደግነቴ ንግግር ለማድረግ ያቆበቁብ ይሆናል፤ አይፈቀድለትም።

ስለ ዕዳዬ። ለሁለተኛው ምስክር፣ ለጎረቤታችን ለበያጁ፣ ባለፈው ወር የልብስ ማስጫውን ብረት የበየደበት አልተከፈለውም። ከደረጃው ሳይወርድ ይከፈለው።

«ኧረ እትዬ፣ አሁን ስለ እሱ ነው እንዴ?» አለ በያጁ።

አዎን፣ ስለ እሱ ነው። ዕዳ ሲከፈል ምን እንደሚመስል ዋርሳዬ አይቶ አያውቅምና ይይልኝ።

አሁን ስለ ቤቱ። ይህ ቤት የአቶ ነገ ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ባሌ ድርሻውን በገንዘብ ወስዶ ቤቱ ለእሱ ደረሰ፤ እኔ ታችኛውን ሱቅ በኪራይ እሠራበት ነበር። ባሌ በሞተ በዓመቱ መጣና «ከባዳ እጅ ከሚገባ አንቺው ግዢው» አለኝ። አዘነልኝ ብዬ አለቀስኩ። ለባሌ ያላለቀስኩትን እንባ ለእሱ ማፍሰሴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የተፈራረምን ዕለት የውል ክፍሉ ሹም የግብር ክሊራንስ ጠየቀ። አቶ ነገ «ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ» አለው። ሹሙ ለምሳ ቸኩሎ ነበር፤ ማኅተሙን እፍ ብሎ አሳረፈው። እኔም «ለመሆኑ ግብሩ ተከፍሏል?» አልኩ። ዋርሳዬ ሳቀ። «እትዬ ደግሞ! ወረቀት እያነበበ የሚፈርም ባዳ ነው። እኛ ሥጋ ነን» አለኝ። በቀኜ የተቀመጠው ወንድ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «እማዬ፣ ፈርሚ በቃ፤ በሰው ፊት አታሳፍሪው» አለ። ይህ ልጅ ያኔም የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ፈረምኩ።

ብዙም ሳይቆይ የሰው ሱሪ እየተኮስኩ ሳለ አንዲት የግብር ቢሮ ሠራተኛ መጥታ የሱቄ መስታወት ላይ ወረቀት ለጠፈች። ውዝፍ ግብር፣ ቅጣት፣ ወለድ፤ ካልተከፈለ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። አቶ ነገ አባቱ ከሞቱ ጀምሮ አንድም ዓመት አልከፈለም። ደንበኞቼ ልብሳቸውን ሊወስዱ ሲመጡ መጀመሪያ ወረቀቱን አንብበው፣ ከዚያ እኔን በሐዘኔታ ያዩኝ ጀመር። ሮጬ ወደ ግቢ ወጣሁ፤ አቶ ነገ «ቤት እስካገኝ ለአንድ ሁለት ወር» ብሎ በጥጉ ክፍል ገብቶ ነበርና። በሩ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይቆርጣል። ሁሉንም ነገርኩት። ቀና እንኳን ሳይል «ግብሩ የቤቱ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ያንቺ ነው» አለኝ።

ቤቱን የሸጠበትን ገንዘብ መኪና ገዝቶበት ነበር። መኪናዋ ከዚያ ወዲህ ከግቢው ወጥታ አታውቅም፤ አሁን ድመት ትወልድባታለች።

ለልጄ ለሒሳብ ሠራተኛው ነገርኩት። «በሕጉ ዕዳው የገዢ ነው፣ እማዬ» አለ። ይህን ሕግ ከፊርማው በፊት ቢነግረኝ ኖሮ የተማረ ልጅ አለኝ እል ነበር።

ለግብር ቢሮው በየወሩ ልከፍል ለምኜ ተፈቀደልኝ። የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ ጀመርኩ፤ ያንን ሥራ ሌላው ላውንደሪ ሁሉ ተጸይፎት ነበር። ብቻዬን አልቻልኩም። ሴቷ ልጄ ያን ጊዜ ለአዋላጅነት ትምህርት ተቀባይነት አግኝታ ነበር። እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ክፍል ገባችና «ትምህርቱ የትም አይሄድብኝም» አለችኝ። ሄደባት። በረኪናው ጣቶቿን እየሰነጣጠቀው፣ ያ ሁሉ ውዝፍ በእሷ እጅ ታጥቦ ወጣ።

አቶ ነገን የምንቀው ገንዘቤን ስለበላ አይደለም። ገንዘብ የበሉብኝ ብዙ ናቸው፤ ስማቸውንም ረስቼዋለሁ። የምንቀው በየሳምንቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሸሚዞቹን ይዞ ስለሚመጣ፣ እነዚያን የተሰነጣጠቁ እጆች እያየ ታጥቦና ተተኩሶ የታጠፈውን በነጻ ስለሚቀበል፣ አንድ ቀን ደግሞ «ኮሌታው በደንብ አልተተኮሰም» ብሎ ስለመለሰ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ኑዛዜ ነው ወይስ ክስ?» አለ አሁን አቶ ነገ።

ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። ጻፈው አልኩት። ምስክር የሚናገረው ሁሉ ይጻፍ።

ለወንድ ልጄ። ከውርስ አልነቅልህም፤ ለመንቀል መቆጣት ያስፈልጋል። ለሠርግህ ያሰፋኸውን ሱፍ ለእጥበት ሰጥተኸኝ ሒሳቡን ሳትከፍል ቀርተሃል። ያ ሱፍ ታጥቦ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ከነዕዳ ምሕረቱ ውሰደው። በባንክ ካለኝ ገንዘብ ደግሞ ሕግ የሚሰጥህን ያህል ትወስዳለህ፣ አንዲት ሳንቲም አትጨመርልህም። ሒሳቡን ራስህ ሥራው፤ ከፊርማ በኋላ ጎበዝ ነህ።

ለሴት ልጄ። ቤቱ ከነሱቁ፣ ከነማጠቢያ መኪኖቹ፣ ከነግቢው፣ ድመት ከምትወልድባት መኪና በቀር፣ ሙሉ በሙሉ የአንቺ ነው። ላውንደሪውን ለመሸጥ ብትፈልጊ ሽጪው፤ ከመቃብር ሆኜ አልታዘብሽም። ከማንም ጋር ስትዋዋዪ ግን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቢ። የሚወድሽ ሰው አንብበሽ እስክትጨርሺ ይጠብቅሻል።

አሁን ስለ ጥጉ ክፍል። ባለፈው ሳምንት ለጸሐፊው ባስረቀቅኩት ላይ ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፤ «በግቢው ጥግ ያለውን ክፍል ዋርሳዬ እስከ ዕለተ ሞቱ ያለ ኪራይ ይኑርበት፤ ልጄም እንዳታስወጣው።» ይህን ያስጻፍኩት ወድጄው አይደለም። ባሌ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ «ወንድሜን አደራ፤ ሞኝ ነው» ብሎኝ ነበር። ብልጥ መሆኑን ሳያውቅ ሞተ። እኔም የሞተ ሰው አደራ ከምበላ ይህን ሰው ብሸከም ይሻለኛል ብዬ እስከ ዛሬ ጠዋት ተሸክሜዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ወንበሩን አንሥቶ ከወራሾች ወደ ምስክሮች ተሻገረ። ጸሐፊው ጠየቀው፤ አስጠነቀቀው፤ እሱ ግን ፈረመ። ያልከለከልኩትም ራሱ እንዲመርጥ ብዬ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ስለዚህ ተሰርዟል። ባሌ ሆይ፣ አደራህን አልበላሁም፤ ራሱ ከእጄ ወርዶ ሄደ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ፖስታ ተከፍቶ ይነበብ አልኩ። ጸሐፊው አነበበ። የቤቱ ውዝፍ ግብር ከነቅጣቱና ከነወለዱ ተከፍሎ ማለቁን፣ የዘንድሮውም መከፈሉን፣ በቤቱ ላይ ምንም ዕዳ እንደሌለ የሚገልጽ ክሊራንስ ነው።

«ተከፍሎ አልቋል?» አለ አቶ ነገ።

«ድሮ» አልኩት።

«ታዲያ ዓመት በመጣ ቁጥር ግብር ግብር የምትዪው ምኑን ነበር?»

«ግብር በየዓመቱ ይመጣል፣ ዋርሳዬ። ከፍለህ ስለማታውቅ ነው የማታውቀው።»

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። ይህ ሰው እኔም እንደ እሱ ዕዳ ሸፍኜ የማወርስ መሰለው። እንደ ሰው አስቦኝ ቢሆን ኖሮ ከመስኮቱ አጠገብ ባልተነሣ ነበር።

«ጸሐፊ፣ ስሜን ሰርዝልኝ፤ ወደዚያ ልመለስ» አለ።

«ፈርመዋል እኮ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ዛሬ ይደርና ነገ ተሰብስበን ብናስተካክለውስ?»

እኔ ነገ ላልኖር እችላለሁ አልኩት።

ይህን ጊዜ ሴቷ ልጄ ወደ አጎቷ ዞረች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች፣ በትሕትና፣ «አጎቴ፣ ኪራይ የሚከፈለው በወሩ መጀመሪያ ነው» አለችው። ደግሞም «ሸሚዝ ለብቻው ይታሰባል» ብላ ጨመረች። ወንድ ልጄ ጉሮሮውን ጠረገና «ለጊዜው ይተውለት እንጂ...» ሲል ቀና ብላ አየችው፤ የቀረውን ዋጠው። እኔ ከታመምኩ ወዲህ እንደዛሬ ያለ ጥሩ ትንፋሽ አልተነፈስኩም።

ከዚህ በፊት ያስረቀቅኩት ሁሉ ቀሪ ሆኗል። ይህ ቃሌ ጮክ ተብሎ ተነብቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጬ፣ በገዛ እጄ ፈርሜአለሁ። በያጁና የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ለሕጉ ይበቃሉ፤ አቶ ነገ እዚህኛው ላይ አልፈርምም ቢል የሚጎድልብኝ ነገር የለም።

አቶ ነገ ብዕሩን ይዞ ቆሞ ሲያመነታ በያጁ «ፈርም እንጂ ጋሼ፤ እናንተ እኮ ሥጋ ናችሁ» አለው። ይህም ይጻፍ።

ተናዛዥ፦ የላውንደሪው ባለቤት፣ ፈርማለች።

አንደኛ ምስክር፦ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ፈርሟል።

ሁለተኛ ምስክር፦ በያጁ፣ ሒሳቡ ተከፍሎት፣ ፈርሟል።

ሦስተኛ ምስክር፦ የተናዛዥዋ ዋርሳ፣ ፈርሟል። ከመፈረሙ በፊት መነጽሩን ከክፍሉ አስመጥቶ ኑዛዜውን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ማንበቡን እኔ ጸሐፊው አረጋግጣለሁ። እስኪጨርስ ሁላችንም ጠብቀነዋል።