ከመዝገቡ የማይወጣው ስም

ሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን 2009

በገበያ የሚወራብኝ ሐሰት ነው። በሕይወት ያለ ሰው እንዲሞት ብዬ ስሙን በሙታን መዝገብ አላስገባሁም። የጌታቸውን ስም መጻፌ ግን እውነት ነው። እጄ ጻፈው። እናቱ ዓለምነሽ ጎረቤቴ ናት። ልጇ ዘምቶ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል፤ መርዶ ስላልመጣ አልተለቀሰለትም። ያልተለቀሰለት ሰው ከሙታን አይቆጠርም።

መዝገቡ የደብሩ ነው። ጾም ከመግባቱ በፊት፣ በመጪው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት ይነበባል። የምንሠራው ሦስት ነን፦ እኔ ከደባርቅ፣ መምህር አበበ ከዳባት፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ የእህቴ ልጅ ሕይወት ከጎንደር። ጊት በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም እንጋራዋለን። ጊት እያንዳንዱን ለውጥ ከጸሐፊው ስምና ከሰዓቱ ጋር ይይዛል። የሰረዙትም ቢሆን ከታሪኩ አይወጣም።

ስሙን ባለፈው ሳምንት ሰርዣለሁ። ለዓለምነሽ አልበቃትም። «ተጽፎ ነበር የሚያሰኝ ምልክት እንኳ እንዳይቀር» አለችኝ። ለሕይወት ነገርኳት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

ሕይወት ጠዋት ደወለች። «አክስቴ፣ የመዝገቡን ታሪክ ስሙ እንዳልነበረ አድርጌ ከሥሩ ለውጬ ጻፍኩት። እርስዎ ጋ ያለውን አሮጌ ቅጂ ይጣሉትና አዲሱን ይውሰዱ። አደራ፣ እንዳይቀላቅሉት።»

በኛ ጊዜ ከደብተሩ ቅጠል የቀደደ ተማሪ ይገረፍ ነበር። በአሮጌው ላይ ደግሞ ዘጠኝ ስም አርሜያለሁ። አልጣልኩትም። ከአዲሱ ጋር ቀላቀልኩና ላክሁ።

ከሰዓት መምህር አበበ ደወሉ። «እሜቴ፣ ትናንት ያስገባኋቸው ዐሥራ ሁለት ሙታን የት ሄዱ? ተነሡ እንዴ?» ሕይወት ሳታይ በላያቸው ጽፋባቸዋለች። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ጌታቸው ተመልሷል። በዚያው ተራ፣ በዚያው ፊደል። ሕይወት እንደገና ከሥሩ አወጣችው። የእኔ ዘጠኝ እርማትም አብሮ ጠፋ። ተናደድሁና እንደገና ቀላቀልሁ።

መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ።

ኀሙስ፣ የካቲት 9

ዛሬም አለ። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ሰዓቱም መጀመሪያ የጻፍኩበት ነው። በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ። የላፕቶፔን ማያ ገጥሜ ነጠላዬን ጣል አደረግሁበት።

ለሕይወት ደወልሁ። «አዲስ አይደለም አክስቴ፣ አሮጌው ነው የሚመጣው። ከሦስታችን አንዳችን ጋ ቀርቷል። የኔም የመምህርም ንጹሕ ነው።» «እኔ ጋ ነው» አልኳት። «ለማን ብለው ነው ያስቀመጡት?» አለችኝ።

ለዘጠኙ እርማት አልኳት። ዋሸሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 10

አሮጌውን ጣልሁ። ሕይወት ከጎንደር እየመራችኝ አዲሱን ብቻ ወሰድሁ። ዘጠኙን እርማት በእጄ እንደገና አስገባሁ፤ መምህር አበበም ዐሥራ ሁለቱን መለሱ። ጌታቸው የለም። በታሪኩም የለም። ሥራው አምሮ ነበር።

ዓለምነሽ መጣች። ማንበብ ስለማትችል ተራ በተራ አነበብኩላት። ስጨርስላት ማያውን በመዳፏ ዳበሰችው።

«ይኸው የለም» አለች። «እንግዲህ ልጄ አለ።»

ሸኘኋትና ከሣጥኔ ፊት ተቀመጥሁ።

ጦርነቱ ባበቃ ዓመት አንድ ወታደር ወደ ዛሪማ ሲያልፍ ቤቴ ገብቶ ነበር። አስተማሪው እንደነበርሁ ጌታቸው ነግሮታል። የጌታቸውን ማተብ ከነትንሿ የእንጨት መስቀል ሰጠኝ። «አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ። የእናቱን ዓይን ማየት ግን አልችልም፤ እርስዎ ያርዷት» ብሎኝ ሄደ። አዝመራው ይግባ አልሁ። ጾሙ ይውጣ አልሁ። ከዚያ ስንት ጾም ወጣ።

ነገ ቅዳሜ፣ መጀመሪያ የማደርገው፦

— ሳይነጋ የዓለምነሽን የንስሐ አባት መጥራት። ከዚያ ወንድሟን።
— ማተቡን ከሣጥን አውጥቶ በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለል።
— ወደ ውኃ ሳትወጣ ቤቷ መድረስ። ሲያረዷት ከኋላ አልቆምም። ስንት ዓመት እንደያዝኩት ራሴ እነግራታለሁ።
— ከቤቷ ካላባረረችኝ አብሬያት መቀመጥ።
— መዝገቡን አለመክፈት። ስሙን ጻፊው የምትለኝ እሷ ናት።