ገመድ ላይ የተሰጣው ጀለቢያ

ውድ ጋሽ ክንፉ፣

ሁሉ ነገር የተበላሸው በእድሩ ስብሰባ ላይ ጣትዎን ወደ እኔ ቀስረው «ኢንፈር ማድረግ ብቻ ነው» ያሉ ጊዜ ነው። ይህን የእንግሊዝኛ ቃል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እዚህ ሱዳን፣ ጀብራ ሰፈር፣ ያስተምሩባት በነበረችው ቆርቆሮ ክፍል፣ እንዲህ ብለው ነበር፦ «ኢንፈር ማለት ካየሽው ተነስተሽ ወዳላየሽው መድረስ ነው። ጎረቤት በር ላይ ብዙ ጫማ ካየሽ ሰው ተሰብስቧል ትያለሽ። ሠርግ ይሁን ለቅሶ ግን ገብተሽ ሳትጠይቂ አታውቂም።»

ስብሰባው በተደረገበት ሳምንት ፖሊሶች ለከሻ፣ ለአፈሳ ማለት ነው፣ ሰፈራችን ገቡ። የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሁሉ መኪና ላይ ሲጭኑ የእትዬ ማዘንጊያንም ባል ወሰዱ። የእኔንና አብራኝ የምትኖረውን የልደትን በር ብቻ ሳያንኳኩ አለፉ። ከዚህ ተነስተው ነው ጠቋሚዋ እሷ ናት ያሉት።

«እህት ዓለም፣» አለ ከእድርተኞቹ አንዱ ባዬ እየሳቀ፣ «ፖሊሶቹ አንቺ በር ሲደርሱ ዓይናቸውን አመማቸው?»

«ጋሽ ክንፉ፣ እርስዎ ይጠይቁኝ» አልኩ።

«ማስረጃው መልሷል። ቁጭ በይ!» አሉኝ።

አልተቀመጥኩም፤ ወጣሁ። አርብ አርብ የማስተምራቸውን ልጆች ለሌላ ሰጣችሁ። እትዬ ማዘንጊያ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

አሁን አከራያችን ፋሪሃ አገር ለቅቃ ስለሄደች ልንገርዎ። ግቢያችን ውስጥ የሟች ባሏ ነጭ ጀለቢያ ሁልጊዜ ገመድ ላይ ነበር። «ያላ፣ አስጪው! ሱዳናዊ አባወራ ያለበት ቤት ይምሰላቸው» ብላ የሰጠችን እሷ ናት። ንጹሑን ልብስ በየሳምንቱ መልሰን እናጥበው ነበር። ፖሊሶቹ ከአጥሩ በላይ አዩት፤ ልክ እንደ እርስዎ ኢንፈር አደረጉና አለፉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብናገር ፋሪሃ ትታሰር ነበር። ለብቻዬ ጠርተው ቢጠይቁኝ ግን እነግርዎት ነበር። ጀለቢያውን እኮ እርስዎም በአጥራችን ባለፉ ቁጥር ያዩት ነበር!

የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ ዘዴውን ለእትዬ ማዘንጊያ አለመንገሬ።

ባለቤታቸው ተፈቱ አሉ። እርስዎም ትናንት ልደትን ከዚያ ወዲህ ወደምኖርበት ወደ ኦምዱርማን ልከው «ልጄ፣ ይቅር ብለንሻል፤ ተመለሺ» አሉኝ። ምኑን ነው ይቅር ያላችሁኝ?

ልጆቹ ናፍቀውኛል። የምመለሰው ግን በዚያው ስብሰባ ፊት ቆመው ያን ቀን ያልጠየቁኝን ሲጠይቁኝ ነው። ከእንግዲህ ሳልጠየቅ የሚፈረድብኝን ፍርድ አልቀበልም፤ ላላጠፋሁት የሚሰጠኝንም ይቅርታ አልቀበልም።

ያስተማሯት፣
ማህሌት