ወንበር ላይ ስለቀረው ኮት

ለክቡር የምሁራን ማፍሪያና ማቆያ ብሔራዊ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም ያንን ሁሉ ስብሰባ የሚችልልዎትን ወገብዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። እኛ በፎገራ ሜዳ ያለን ሰዎች፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ከደጃፋችን ደርሶ ተመልሶልናል፤ ሩዙም እያሸተ ነው፤ ስለዚህ ደህና ነን ማለት ይቻላል። እኔ አገኘሁሽ በላቸው እባላለሁ። ወረታ ላይ የሰው ልጅ ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አንዲት ልጅና አንዲት ላም ያሉኝ ሴት ነኝ። የምጽፍልዎትም ስለ ሁለቱ ነው።

ልጄ ሙናዬ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ሩዝ ዘር ተማረች፤ በማዕረግ ስለተመረቀችም እዚያው በረዳት መምህርነት አስቀሯት። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን የሚመሩላት ዶክተር እንዳልካቸው የሚባሉ መምህር ነበሩ። ነበሩ ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፤ በጽሕፈት ቤትዎ አቆጣጠር አሁንም አሉ። ለስድስት ወር ሥልጠና ባሕር ማዶ ሲሄዱ ኮታቸውን ወንበራቸው ላይ ሰቅለው ወጡ፤ ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ፣ ኮቱም አልተነሣ፣ ስማቸውም ከበሩ ላይ አልወረደ። የልጄ ጥናት ተጽፎ አልቆ የሚያነብለትና የሚፈርምለት አጥቶ ተቀምጧል። ሌላ አማካሪ ይመደብልኝ ብላ ብትጠይቅ፣ አማካሪሽ በሥራ ላይ ናቸው የሚል መልስ ተሰጣት።

ስለዚህ ቅሬታ ማቅረብ ነውር መስሎ ስለታየኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ኮቱ አመሰግናለሁ። ዓምና የትምህርት ጥራት ሊመረምሩ ከእርስዎ ዘንድ የተላኩት እንግዶች በሩን አስከፍተው፣ ኮቱን አይተው፣ ዶክተሩ አሁን ወጣ ማለታቸው ነው ተብለው፣ አንድ ዶክተር ብለው መዝግበው ሄዱ። ኮት ሰቅሎ ከመሥሪያ ቤት መጥፋት የቆየ ልማዳችን ቢሆንም እኛ የምናውቀው እስከ ሻይ ቤት ድረስ ነበር፤ ውቅያኖስ እንደሚያሻግር ያሳዩን እርስዎ ነዎት። የጽዳት ሠራተኛዋ ሠርካለም ሳትታክት አቧራውን ታራግፍለታለች። ልጄ እንደምትለው ከሆነ በትምህርት ክፍሉ ውስጥ አንድም ቀን ያልቀረ መምህር ያ ኮት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ምሁራንን በአገር ውስጥ ለማቆየት ስላወጡት መመሪያ አመሰግናለሁ። ዶክተሩን አውቃቸዋለሁ፤ ተማሪዎቻቸውን ይዘው እዚህ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ድረስ መጥተው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ከገበሬው ጋር ውኃ ውስጥ ሲውሉ አይቻለሁ። ማታ የሚገቡት ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ወደሚጋሯት አንዲት የኪራይ ክፍል ነበር። ለራሳቸው ምንም አልጠየቁም፤ ከየማሳው የለቀሙት ዘር እንዳይበላሽባቸው አንድ ማቀዝቀዣ ብቻ ጠየቁ። ጽሕፈት ቤትዎም ጉዳዩን በጥሞና መርምሮ፣ የምሁራንን ፍልሰት ስለመግታት በሚመክር አውደ ጥናት ላይ እንዲገኙ ጠራቸው። ከዚያ የተመለሱት አንድ ካናቴራና አንድ የወረቀት ቦርሳ ይዘው ነው። ዘሩን ነቀዝ በላው። ሰውየው ቢሄዱ እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም።

ሦስተኛውን ልጽፍ ስል ላሜ ጮኸችብኝ፤ ስለ እርሷ ልንገርዎት። በዚህ ክረምት ጥጃዋ ሞተባት። ጥጃዋን ያጣች ላም ወተቷን ስለምትይዝ፣ ጎረቤቴ ማረው የጥጃውን ቆዳ ገፍፎ፣ የሩዝ ገለባ ሞልቶ፣ ጀርባው ላይ ጨው ነስንሶ ከፊቷ አቆመላት። ምስኪኗ ጨዉን እየላሰች ታለበች። ማረውም በእጁ ሥራ ኮርቶ፣ «እትዬ አገኘሁሽ፣ ይኸስ ከሕያዉ ይሻላል፤ አይጠባ፣ አይፈነጭ!» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። ሙናዬ ግን በዚያ ቀን ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ኖሮ፣ ያንን የገለባ ጥጃ ቆማ ብዙ አየችው እንጂ አልሳቀችም። የዶክተሩን ትምህርት የምታስተምረው እርሷ ናት፤ ራሷ ያልጨረሰችውን ሌሎችን ታስጨርሳለች፤ በክፍለ ጊዜው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ግን ዛሬም የእርሳቸው ስም ነው። ተማሪዎቹ ምን እየላሱ እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል።

አራተኛ፣ ተራው የልጄ ሆኗል። ለስድስት ወር ሥልጠና ባሕር ማዶ እንድትሄድ መመረጧ ሰሞኑን ተነገራት። ጎረቤቱ እልል አለ፤ እኔም እልል አልሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ልጇ እንዳትማር የምትመኝ እናት አይደለሁም። ነገር ግን ካስተማርኋቸው ጎበዞች የሄዱት ሄደው ቀርተዋል፤ አንዲቷ እንኳ፣ ያውም ከማሕፀኔ የወጣችው፣ እዚሁ ሜዳ ላይ የሰው ልጅ ታስተምራለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖ እንዳይቀርብኝ ፈርቻለሁ፤ መፍራቴንም አልደብቅዎትም።

ተመልሳ እንድታገለግል ውል እንደሚያስፈርሟት ሰምቻለሁ። ዶክተር እንዳልካቸውም ፈርመው ነበር። ጥጃዬም የሞተው በገመድ እንደታሰረ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ልጄ ከመሄዷ በፊት ያንን ኮት አንሥተው ወንበሩ ላይ ሰው ያስቀምጡልን፤ ጥናቷን የሚያነብላት፣ ስትሳሳት የሚቆጣት ሕያው አማካሪ ይስጧት፤ ማቀዝቀዣውንም ይግዙ። ተመልሳ ስትመጣ የምትመጣለት ነገር ይቆያት። ይህ ከአቅም በላይ ከሆነ ግን በእኔ ሞት፣ አይጨነቁ፤ ለመጪው የጥራት ምርመራ የሚሆን ገለባ በፎገራ ሞልቷል፣ ማረውም እጁ የተባረከ ነው፤ እርስዎ ጨዉን ብቻ ይላኩልን።

ለእርስዎ ጤናና ረጅም ዕድሜን፣ በሥርዎ ላሉት ወንበሮች ሁሉ ደግሞ የሚቀመጥባቸውን ሰው ከልብ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አገኘሁሽ በላቸው
ጡረተኛ መምህርት፣ የሙናዬ እናት
ወረታ፣ ጥቅምት

ግልባጭ፦
ለዶክተር እንዳልካቸው ኮት
ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳላሽግ ላሜ የገለባውን ጥጃ በቀንዷ ወግታ ዘረገፈችው፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ ወተት የለም። ሙናዬ ደግሞ ለጉዞዋ ኮት እንድገዛላት ጠየቀችኝ፤ ሁለት ይሁን አለችኝ። የዚያ አገር ብርድ ይህን ያህል የከፋ ነው ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ የምትለብሰው አንዱን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ።