ሪዙን የላጨሁት እኔ ነኝ

ኋላ ቀር ነህ አልሽኝ አይደል? በወረቀት ላይ! ያውም ከስሩ ሁለቴ አስምረሽበት! እሺ ይሁን፣ ኋላ ቀር ነኝ። ግን ኋላ ቀር ሰው ሰላምታ አይዘልም፤ እንዳንቺ “ሰላም ነው? ፈርምና ላክ” ብሎ አይጽፍም። እና እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ደህና ነሽ ወይ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ መምህሩ ደህና ነው? ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ? የትልቁ ጥርስ ወለቀ? አባዬስ? ቀኝ እጁ አሁንም አልታዘዝ እንዳለ ነው? ይበላል? ይተኛል? ስሜን ጠርቶ ይጠይቃል? እኔ እንደሆንኩ እንደ ብረት ነኝ። ክብደት ጨምሬያለሁ፣ ትከሻዬ በበር አልገባ ብሏል፣ ብታዪኝ አታውቂኝም።

የላክሽው ፎርም ትራሴ ስር ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። እናንተ ሰፈር አዲስ የተከፈተው የአረጋውያን ማቆያ እስከ ወሩ መጨረሻ ለአባዬ አልጋ ይዞለታል፤ ግን ሁለታችንም ካልፈረምን አይቀበልም አልሽኝ። ደሞ “ዘመኑ ተቀይሯል፣ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያረገው” ብለሽ ጨመርሽበት። ዘመን ዘመን አትበይብኝ፣ እትዬ! ዘመኑን በየቀኑ በሳሙና የማጥበው እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ካንቺ ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነዋ!

እዚህ የምሠራበት የአረጋውያን ቤት እኮ እንደኔ ያለ ሠራተኛ የለም። ሽማግሌ ሳነሳ እንደ ሕፃን ነው፣ አንድም “ወይኔ” አይሉም። ነርሷ አለቃዬ ራሷ “ያንተ እጅ ሌላ ነው” ብላኛለች። ማክሰኞ የመላጫ ቀን ነው። አስራ አራት ሰው ከሻይ በፊት ላጭቼ እጨርሳለሁ፣ አንድ ጭረት የለ፣ አንድ ጠብታ ደም የለ። ሌላው ሰባተኛው ሰው ላይ ሲደርስ ወገቡን ይይዛል።

ሻይ ስንጠጣ ታዲያ ከአምቡላንሱ ሹፌር ጋር የማንጣላበት ቀን የለም። “ሊቀመንበሩ” ነው የምንለው፣ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስል እጁን አውጥቶ ነው የሚናገረው። ባለፈው ቴሌቪዥን ላይ አንዷ ባለሥልጣን፣ መንግሥት ለአረጋውያን ቤተሰብ ይሆናል ስትል እሱ አጨበጨበ። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፤ ብድግ አልኩና “መንግሥት መንገድ ይሥራ፣ ሌባ ይያዝ፣ ውሃ ያምጣ፤ ልጅ ልሁን ግን አይበል!” አልኩት። አሁን ሁሉም ሰው መብቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ባል መብት አለው፣ ሚስት መብት አላት፣ ውሪ ልጅ እንኳ መብት አለው፤ “ይሄ የኔ ግዴታ ነው” የሚል አንድ ሰው ግን ፈልገሽ አታገኚም። አባትን ለሌላ ሰው አስረክቦ ስሙን ሥልጣኔ ማለት! አሁንም አቋሜ ይኸው ነው፣ አንዲት ቃል አልቀንስም።

አሁን ግን የምነግርሽን ለማንም እንዳትነግሪ። ለመምህሩም!

በመስኮቱ በኩል ካሉት አልጋዎች ባንዱ ላይ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ አሉ። ምላሳቸው ስለተያዘ ብዙ አይናገሩም። ሪዛቸው ግን ለጉድ ነበር፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ጫፉ ወደ ላይ የተጠቀለለ። እሳቸውን ሲላጭ የኖረው ሰው ሥራ ለቀቀና ረድፉ ለኔ ደረሰኝ። አልጋው ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት “ይላጭ” ይላል፣ በቃ። ሪዝ ይተው አይተው የሚል መስመር የለውም። እኔ ደሞ ረድፉን ከሻይ በፊት እጨርሳለሁ ብዬ ከሊቀመንበሩ ጋር ተወራርጃለሁ። ፎጣውን አነሳሁ፣ አረፋውን ቀባሁ፣ ሁለቴ ሳብኩ፣ አለቀ። አይናቸውን ገለጡና በጣታቸው ዳሰሱት፤ የለም። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሐሙስ ልጃቸው መጣ። በወር አንዴ ነው የሚመጣው፣ ከረባት አስሮ፣ ብርቱካን ይዞ። እትዬ፣ ባልጋቸው አጠገብ አለፈ! አልፎ ሄዶ ነርሷን “አባቴን ወዴት አዛወራችሁት?” አላት። ሰውዬው እያዩት ነው። እጃቸውን ካፋቸው ላይ አላነሱም። ነርሷ ስታሳየው ሳቀ፤ “አምሮብሃል፣ ወጣት ሆንክ” አላቸውና ብርቱካኑን አስቀምጦ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሬ አላርፍ ብሏል። ይሄን ስጽፍልሽ እንኳ አራቴ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። የኛ አባት ትዝ አለኝ፤ አባዬ ሪዙን ሳይዳስስ እንጨት ቆርጦ ያውቃል? መጋዙን አንስቶ፣ አንዴ ሪዙን አሻሽቶ፣ ከዚያ ነበር የሚጀምረው።

ሻይ ላይ ሄጄ ጮህኩ። ይሄ ቤት ነው ጥፋተኛው፣ ሰው በወረቀት የሚያዝበት ቤት፣ እያልኩ። ሊቀመንበሩ እጁን እንኳ ሳያወጣ “ምላጩን የያዝከው አንተ ነህ” አለኝ። ቀጠለና “አባትህን እዚያ ማን ነው የሚያጥበው?” አለኝ። እህቴ አልኩት። “ማን ነው የሚያነሳው?” እህቴ። “ታዲያ ያ የምትኮራበት ግዴታ ያንተ ነው የሷ?” ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ። እኔ! ታውቂኝ የለ። ወገብሽን በየደብዳቤው ስጠይቅሽ ምን እንደጎዳው አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። አባዬን እያነሳሽ ነው አይደል?

ያም ሆኖ ሊቀመንበሩ አልረታኝም። ነገሬ ትክክል ነው፤ አባት ቤቱ ነው የሚያረጀው፣ ምኑ እንደማይነካ በሚያውቅ ሰው እጅ። የተሳሳትኩት ያን ሰው ሁልጊዜ አንቺን ማረጌ ላይ ነው። ስለዚህ ፎርሙን ሳልፈርም መልሼልሻለሁ፣ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ውሌ በዚህ ወር ያልቃል፣ አላድስም፣ ለነርሷም ነግሬያታለሁ። እመጣለሁ። ጠዋት ጠዋት አባዬ የኔ ነው፤ ማንሳቱም፣ ማጠቡም፣ ልብስ መቀየሩም። ከሰዓት መምህሩ ከትምህርት ቤት ሲገባ ይረከበኛል፣ እኔ ሥራ እገባለሁ። እንደኔ ላለ ሰው ደሞ ሥራ አይጠፋም። አንቺ ጎንበስ ስትዪ እንዳላይ! ከአልጋው አጠገብ አንድ ፍራሽ ብቻ አንጥፊልኝ።

መምህሩን ሰላም በይልኝ፣ ፎርሙ የሱም ሐሳብ እንደሆነ ባውቅም አልተቀየምኩትም። ትልቁን ልጅ ጥርሱን እንዳይጥል፣ እንዲያሳየኝ ንገሪው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ስመጣ ትከሻዬ ላይ እንደምትወጣ ንገሪያት። ጎረቤታችን ጋግርታሟን ሴትዮም ሰላም በያት፣ ትስቅ እንደሆነ። አባዬን ግራ እጁን ሳሚልኝ፣ ቀኙን እኔ መጥቼ እስመዋለሁ። ሪዙን ማንም እንዳይነካ፤ እኔም ሳልጠይቀው አልነካም።

ከአረጋውያኑ ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ወሩ ሊያልቅ አስራ አንድ ቀን ሲቀረው

ፍራሹን ታነጥፊያለሽ ወይስ አታነጥፊም? ሌላ ወሬ አልፈልግም። ዛሬውኑ ጻፊ!