ዓይንሽ ጤነኛ ነው

ለምወድሽ እናቴ፣

አገራችን ዳሪሙ እንዴት ከረመ? ጉልበትሽንስ ብርዱ እንዴት አደረገው? ላሟ ወለደች? እስከ ዛሬ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» እያልኩ ስጽፍልሽ ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን አልሆነልኝም። ጋሼ ዮሚፍ፣ የሚያነቡላት እርስዎ ነዎት። እንዳትደነግጥ ብለው ክፉ ክፉውን ወሬ እንደሚዘሉላት አውቃለሁ። የዛሬውን እባክዎ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ያንብቡላት።

እማዬ፣ የጎረቤታችን ልጅ ዋሪቱ እሑድ መጥታ ነገረችኝ። ምስር እንኳ ራስሽ መልቀም ትተሽ ለሰው ትሰጫለሽ አሉ። «ኢጂ ኮ ዳዳቤ፣ ዓይኔ ደክሟል» ትያለሽ አሉ። ይህን ስሰማ ዋሪቱ ፊት አለቀስኩ።

በዚያ የውጭ ድርጅት መጋዘን አሥራ አንድ ዓመት ቡና ለቀምሽ። ጥቁሯንና የተነቀዘችውን ፍሬ ከመልካሙ በመለየት የሚስተካከልሽ አልነበረም። ያባረሩሽ ቀን አለቃው ጠርቶ ጆንያሽን አሳየሽ፤ «ደረጃ አምስት ነው፣ ዝቃጭ» አለሽ። ሽርጥሽን አጥፈሽ አስረከብሽ። ካንቺ ጋር ስምንት ሴቶች ወጡ። እኔ እዚያው በምሠራበት ቢሮ መስኮት እያየሁሽ አልሸኘሁሽም።

እማዬ፣ ቡናሽ አንደኛ ደረጃ ነበር። «አምስት» ብዬ የጻፍኩበት እኔ ነኝ።

ድርጅቱ ምርጡን ቡና በወረቀት ላይ ዝቃጭ እያደረገ፣ ባሕር ማዶ ላለው ለራሱ እህት ድርጅት በርካሽ ይሸጠዋል። እዚያ ሲደርስ እንደገና ምርጥ ይሆናል። ትርፉ እዚያው ይቀራል፤ እዚህ ከሰርን ይባላል፤ ለአገር ግብር የለ፣ ለለቃሚ ጭማሪ የለ። ሥራ አስኪያጁ «ወረቀት እኮ ነው፣ ማንን ይጎዳል?» አለኝ። ዲግሪዬን ታቅፌ ሥራ ፍለጋ የተንከራተትኩት ትዝ አለኝና ጻፍኩ። ያንኑ ወረቀት እናንተን ያለ ካሳ ማባረሪያ ያደርገዋል ብዬ አልጠበቅሁም። ሲያደርገውም የእንጀራ ነገር አፌን ለጎመው። ያልሸኘሁሽ አንቺን አፍሬብሽ አይደለም፤ በራሴ አፍሬ ነው።

በኋላ የግብር መርማሪዎች ሲመጡ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሰነዱንም አውጥቼ ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጁ በሳምንቱ አገሩ ገባ። ወረቀቱ ላይ የተገኘው የእኔ እጅ ጽሑፍ ብቻ ሆነና የተያዝኩት እኔ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ መጠበቅ ነው።

ልትጠይቂኝ ብትመጪ ወደ ቤት አትሂጂ፤ ቁልፉን ጓደኞቼ ለአከራዬ መልሰውልኛል። ዋሪቱ ቦታውን ታውቀዋለች። የሚፈቀደው እሑድ ጠዋት ነው። ምግብ ከያዝሽ በሩ ላይ መጀመሪያ ራስሽን ያስቀምሱሻል፤ አይክፋሽ፣ ለሁሉም እንደዚያው ነው። ሁላችንም ከሽቦው ወዲያ ባንድ ላይ ስለምንቆም ግር ይላል። አንቺ ግን ማንንም አትጠይቂ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ለይተሽ ታወጪኛለሽ።

ዋቃ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ጋሼ ዮሚፍንም ስለ ድምፃቸው ይባርክልኝ።

ልጅሽ፣
ከመቱ ከተማ